የኤላስቶሃይድሮዳይናሚክ ቅባት የኮምፒውተር ሞዴል

ኤላስቶሃይድሮዳይናሚክ ቅባት ማለት በትልቅ ጭነት የሚነካኩ ሁለት የማሽን ክፍሎች፣ ብረታቸው በግፊቱ እየተሰረጎደ፣ በመካከላቸው በሚያልፍ እጅግ ስስ የዘይት ሽፋን ተለያይተው የሚሠሩበት ሁኔታ ነው። የማርሽ ጥርሶች፣ በኩሽኔታ ውስጥ ያሉ ኳሶችና ሮለሮች እንዲሁም የሞተር ካምሻፍት በዚህ ዓይነት ቅባት ይሠራሉ። ስሙ ሦስት ነገሮችን ያጣምራል፦ «ኤላስቶ» ብረቱ ተሰርጉዶ ወደ ቅርጹ የመመለስ ጠባዩን፣ «ሃይድሮ» ፈሳሹን፣ «ዳይናሚክ» ደግሞ እንቅስቃሴውን ያመለክታል።

የዘይቱ ሽፋን ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ያነሰ ነው። በውስጡ የሚፈጠረው ግፊት ግን 1 ጊጋፓስካል ወይም ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ይህም በባሕር ጠለል ላይ ካለው የአየር ግፊት ወደ 10,000 እጥፍ ይጠጋል። ዘይቱ በዚህ ጠባብ ቦታ የሚቆየው ከአንድ ሺኛ ሴኮንድ ላነሰ ጊዜ ነው። እንዲህ ያለውን ቦታ ከፍቶ ማየት ስለማይቻል፣ በውስጡ የሚሆነውን ለማወቅ ስሌት ዋና መንገድ ሆኖ ቆይቷል።

የስሌቱ ዘዴዎች ብዙዎቹ የዶክትሬት ምርምር ውጤቶች ናቸው። በእንግሊዝ የሊድስ ዩኒቨርሲቲ፣ በሆላንድ የደልፍትና የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በፈረንሳይ የሊዮኑ የተግባራዊ ሳይንስ ተቋም በዚህ ረገድ ይታወቃሉ። የተገኘው ውጤት ግን በሁሉም በኩል እኩል አይደለም። የሽፋኑን ውፍረት ዛሬ በጥሩ አስተማማኝነት ማስላት ይቻላል፤ በዚያው ሽፋን ውስጥ ያለውን ሰበቃ ማስላት ግን አሁንም ያከራክራል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው የተነሳበት ምክንያት

በ1883 እንግሊዛዊው መሐንዲስ ቢቻም ታወር የባቡር አክስል መያዣዎችን ሲፈትን፣ ዘይት ለማስገባት ብሎ በመያዣው አናት ላይ ቀዳዳ በሳ። ዘይቱ ግን ወደ ውስጥ ከመግባት ይልቅ በቀዳዳው ወደ ውጭ ይፈስ ጀመር። ቀዳዳውን በቡሽ ቀጥሎም በእንጨት ውታፍ ቢደፍነው ውታፉ ተገፍቶ ወጣ። በቦታው የግፊት መለኪያ ሲገጥም፣ የሚሽከረከረው አክስል ራሱ ዘይቱን ወደ ጠባቡ ክፍተት እየጎተተ ጭነቱን የሚሸከም ግፊት እንደሚፈጥር ተረዳ።

ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1886 ይህንን በሒሳብ ገለጸው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ክፍተቱ እየጠበበ ሲሄድ የተጎተተው ዘይት በሙሉ ሊያልፍ አይችልም፤ ስለዚህ ከፊሉን ወደ ኋላ የሚመልስ ግፊት ይገነባል። ግፊት የሚገፋው የዘይት መጠን ከክፍተቱ ውፍረት ኩብ ጋር ይመጣጠናል። ክፍተቱ በግማሽ ሲቀንስ በግፊት የሚፈሰው ዘይት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል ማለት ነው። የሬይኖልድስ እኩልዮሽ የሚባለው ይህ ነው፤ ዛሬም በዚህ ርእስ ላይ በሚጻፉ አብዛኞቹ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች መሠረት ሆኖ ይገኛል።

እኩልዮሹ ለባቡር አክስል ጥሩ መልስ ሰጠ። በ1916 ማርቲን የተባለ መሐንዲስ ለማርሽ ጥርሶች ሲጠቀምበት ግን ግራ የሚያጋባ ነገር ተገኘ። የማርቲንን ቀመር በዛሬ መጠኖች እንሞክረው። የሁለቱ ጥርሶች ተጣማሪ ራዲየስ 20 ሚሊሜትር፣ ጭነቱ በእያንዳንዱ ሚሊሜትር የጥርስ ስፋት 500 ኒውተን፣ ዘይቱን ወደ መነካኪያው የሚያስገባው አማካይ ፍጥነት በሴኮንድ 5 ሜትር፣ የዘይቱ ዝልግልግነት 0.04 ፓስካል ሴኮንድ ቢሆን፣ የሽፋኑ ውፍረት 0.04 ማይክሮሜትር ብቻ ይሆናል። በመሞረጃ የተስተካከለ ጥሩ የማርሽ ጥርስ እንኳ ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሸካራነት አለው። ስሌቱ ልክ ቢሆን ኖሮ ማርሾች ሁሉ ብረት በብረት ላይ እየተፋተጉ ቶሎ ባለቁ ነበር። በተግባር ግን ለዓመታት ይሠራሉ፤ በአንዳንዶቹም ላይ ከፋብሪካ ሲወጡ የነበራቸው የመሞረጃ ጭረት ከረጅም አገልግሎት በኋላ ሳይጠፋ ይገኛል።

ሁለቱ የተዘነጉ ነገሮች

የማርቲን ስሌት ብረቱ ፈጽሞ የማይሰረጎድ፣ ዘይቱም ጠባዩን የማይለውጥ አድርጎ ይወስድ ነበር። ሁለቱም ግምቶች በዚህ ግፊት ሥር አይሠሩም።

ብረት ጠንካራ ቢሆንም በጊጋፓስካል ግፊት ይሰረጎዳል። ሃይንሪሽ ኸርትዝ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ሁለት ደረቅ ጠጣር አካላት ሲጫኑ የሚነካኩበት ቦታ ምን ያህል እንደሚሰፋና ግፊቱ እንዴት እንደሚከፋፈል አስልቶ ነበር። የሚነካኩበት ቦታ ሲሰፋ ጭነቱ በሰፊ ቦታ ይሰራጫል፤ መግቢያውም ዘይት ለመሳብ የሚመች ቅርጽ ይይዛል።

ዘይቱም በበኩሉ በግፊት ይጠነክራል። ዝልግልግነት የአንድ ፈሳሽ ለመፍሰስ አለመታዘዝ ነው፤ ማር ከውሃ የበለጠ ዝልግልግ ነው እንደምንለው። በካርል ባሩስ ስም የሚጠራው ቀመር ዝልግልግነት ከግፊት ጋር በኤክስፖኔንሻል ፍጥነት እንደሚያድግ ያሳያል። በተለመደ የማዕድን ዘይት ይህ ቀመር በ1 ጊጋፓስካል ላይ ዝልግልግነቱን 480 ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ያሳድገዋል። ቁጥሩ የተጋነነ መሆኑ ከታች ይታያል፤ አቅጣጫው ግን ትክክል ነው። በመነካኪያው መካከል ያለው ዘይት እንደ ፈሳሽ ሳይሆን እንደ ሰም ወይም እንደ ጠጣር ፕላስቲክ ይሆናል፤ ከመካከል ተጨምቆ ለመውጣትም ጊዜ አያገኝም።

ሁለቱን ውጤቶች ያገናኘው የመጀመሪያው ሥራ ከሶቪየት ኅብረት የመጣ ሲሆን፣ በ1949 በግሩቢን ስም ታተመ። መሠረቱን የጣለው ግን ኤርቴል የተባለ ሌላ ተመራማሪ ነበር። ዋናው ሐሳብ ዛሬም የሚያገለግል ነው፦ የሽፋኑ ውፍረት የሚወሰነው ግፊቱ ገና ዝቅተኛ በሆነበት በመግቢያው ላይ ነው። ዘይቱ አንዴ ከገባ በኋላ እጅግ ስለሚጠነክር፣ የገባው መጠን ያው ሆኖ እስከ መውጫው ይሄዳል። ይህ ሐሳብ ሰበቃ ላይ ስንደርስ እንደገና ያስፈልገናል።

ስሌቱ ለምን ከባድ ሆነ

ለማስላት የሚያስፈልጉት እኩልዮሾች ብዙ አይደሉም። የሬይኖልድስ እኩልዮሽ ውፍረትን ከግፊት ጋር ያገናኛል። የመሰርጎድ እኩልዮሹ ከግፊት የብረቱን ቅርጽ ይሰጣል። የዘይቱ ሕግ ከግፊት ዝልግልግነትንና ጥግግትን ይሰጣል። በመጨረሻም ግፊቱ በቦታው ሁሉ ሲደመር ከጭነቱ ጋር እኩል መሆን አለበት። ችግሩ እያንዳንዱ የሌላውን መልስ መጠበቁ ነው። ግፊትን ለማወቅ ውፍረት ያስፈልጋል፤ ውፍረትን ለማወቅ ደግሞ ግፊት።

አንድ ምሳሌ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። 10 ሚሊሜትር ራዲየስ ያለው የብረት ኳስ በ50 ኒውተን ጭነት በጠፍጣፋ ብረት ላይ በሴኮንድ 1 ሜትር አማካይ ፍጥነት ይሽከረከር፤ ዘይቱ ከላይ የተጠቀሰው ይሁን። የሚነካኩበት ክብ ወርድ 0.3 ሚሊሜትር ገደማ፣ ከፍተኛው ግፊት 1.1 ጊጋፓስካል ገደማ ይሆናል። ዘይቱ ይህን ርቀት ለማለፍ 0.3 ሚሊሴኮንድ ያህል ይወስድበታል። ከታች በሚገለጸው ቀመር ሲሰላ የሽፋኑ ውፍረት 0.25 ማይክሮሜትር ነው። ይህን መጠን አስፍተን ብናየው፣ 120 ሜትር ወርድ ባለው ሜዳ ላይ 10 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ እንደማለት ነው።

በዚሁ ምሳሌ ብረቶቹ 2.2 ማይክሮሜትር ያህል ተሰርጉደው ይቀራረባሉ። መሰርጎዱ ከሽፋኑ ውፍረት ወደ ዘጠኝ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ መሰርጎዱን በ5 በመቶ ቢሳሳት ስህተቱ የሽፋኑን ውፍረት ግማሽ ሊያክል ነው፤ ውፍረቱ ደግሞ በኩብ ወደ ሬይኖልድስ እኩልዮሽ ተመልሶ ስለሚገባ ግፊቱ ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው በጣም ይዘላል። አንዱን እኩልዮሽ ፈትቶ መልሱን ለሌላው እየሰጡ መመላለስ በቀላል ጭነት ላይ ያስኬዳል፤ በከባድ ጭነት ላይ ግን ስሌቱ ወደ መልስ ከመጠጋት ይልቅ እየተወዛወዘ ይበተናል። ይህን የስሌት ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጽፍ ተማሪ ሁሉ የሚገናኘው ከዚህ ችግር ጋር ነው።

ከፔትሩሴቪች እስከ ዳውሰንና ሂጊንሰን

በ1951 ፔትሩሴቪች የተባለ የሶቪየት ተመራማሪ ሁሉንም እኩልዮሾች በአንድነት የሚያሟሉ ጥቂት መልሶችን አወጣ። በመልሶቹ ውስጥ ያልተጠበቀ ነገር ታየ፦ ግፊቱ ወደ መውጫው ሲቃረብ ድንገት ተነስቶ ሹል ጫፍ ይሠራል፤ ወዲያው ይወድቃል፤ በዚያው ቦታ የዘይቱ ሽፋን ይጠባል። ይህ «የግፊት ሹል» እውነተኛ ነው ወይስ የስሌት ስህተት የሚለው ጥያቄ ለተወሰነ ጊዜ ቆየ፤ በኋላ የመጡ ስሌቶች ግን ደጋግመው አረጋገጡት።

የሊድሶቹ ዳንካን ዳውሰንና ጎርደን ሂጊንሰን በ1959 ያቀረቡት ዘዴ የከባድ ጭነትን ችግር በብልሃት አለፈው። የተለመደው አካሄድ ከውፍረት ግፊትን መፈለግ ነበር። እነሱ ገለበጡት፦ አንድ የግፊት ሥርጭት ገምተው፣ ከዚያ ግፊት ሁለት የክፍተት ቅርጾችን ያሰላሉ። አንደኛው ብረቱ በዚያ ግፊት ተሰርጉዶ የሚይዘው ቅርጽ ነው። ሁለተኛው ያንን ግፊት ለመፍጠር የሬይኖልድስ እኩልዮሽ የሚጠይቀው ቅርጽ ነው። ሁለቱ ካልተገጣጠሙ ግፊቱን በልዩነቱ መጠን ያስተካክላሉ። ሁለቱ ቅርጾች አንድ ሲሆኑ መልሱ ተገኘ ማለት ነው።

ከእነዚህ ስሌቶች የወጣው ቀመር የማርቲንን እንቆቅልሽ ፈታ። ከላይ ለተጠቀሰው የማርሽ ጥርስ ቀመሩ 0.9 ማይክሮሜትር ገደማ ይሰጣል፤ ይህም ከማርቲኑ ቁጥር ከ20 እጥፍ በላይ ነው። ጥሩ ሆነው የተሠሩ ማርሾች ለምን እንደማይፋተጉ በቁጥር የታየው በዚህ ነው።

የሃምሮክ ስሌትና ቀመሩ

እስከዚህ ድረስ ስሌቱ በአብዛኛው እንደ ሲሊንደር በመስመር ላይ ለሚነካኩ አካላት ነበር። ኳስ ግን የሚነካው በነጥብ፣ ሲሰረጎድም በክብ ወይም በሞላላ ቦታ ነው፤ ዘይቱ ወደ ጎንም ማምለጥ ይችላል። ስሌቱ ከአንድ አቅጣጫ ወደ ሁለት ያድጋል፤ የነጥቦቹም ብዛት እንዲሁ።

ይህን ሥራ በሰፊው የሠራው በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ ውስጥ ይሠራ የነበረው በርናርድ ሃምሮክ ነው። በዳውሰን ሥር በሊድስ የዶክትሬት ዲግሪውን በ1976 አገኘ፤ ውጤቱም በ1976 እና በ1977 በሃምሮክና በዳውሰን ስም በተከታታይ ጽሑፎች ወጣ። የአነስተኛው ውፍረት ቀመር የተገኘው 34 ሁኔታዎችን በኮምፒውተር አስልቶ ለውጤቶቹ የሚስማማ ቀመር በማበጀት ነው። ዛሬ የኩሽኔታ መሐንዲስ በቀላል ካልኩሌተር የሚጠቀምበት ቀመር ማለት ይኸው ነው።

በቀመሩ ውስጥ ያሉት አርቢዎች ብዙ ይናገራሉ። የፍጥነት አርቢ 0.68 ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ሽፋኑ በ60 በመቶ ይወፍራል። የዘይቱ ዝልግልግነትም ከፍጥነት ጋር ተባዝቶ ስለሚገባ እኩል ውጤት አለው። የጭነት አርቢ ግን አሉታዊ 0.073 ብቻ ነው። ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ሽፋኑ የሚቀንሰው በ5 በመቶ ነው፤ አሥር እጥፍ ቢሆን እንኳ ቅነሳው 15 በመቶ ገደማ ነው። ጭነት የጨመረ ሰው ዘይቱ ተጨምቆ ያልቃል ብሎ ይፈራል፤ የተጨመረው ጭነት ግን በአብዛኛው የሚነካኩበትን ቦታ ያሰፋል እንጂ ሽፋኑን አያሳሳም። በከባድ ጭነት ቀስ ብሎ የሚዞር ማሽን ለሽፋኑ ይበልጥ አስጊ የሚሆነው ስለዚህ ነው፤ ጉዳቱ በዋናነት የሚመጣው ከዝግታው ነው።

ጥቅጥቅ ያለ መረብና የትዌንቴ ሥራ

ኮምፒውተር እኩልዮሹን የሚፈታው የሚነካኩበትን ቦታ በነጥቦች መረብ ሸፍኖ ነው። እዚህ ላይ መሰርጎድ ልዩ ችግር ያመጣል፦ በአንድ ነጥብ ላይ ያለው ግፊት ብረቱን በሌሎች ነጥቦች ሁሉ ላይ ያንቀሳቅሳል። በአንድ በኩል 250፣ በሌላውም 250 ነጥቦች ያሉት መረብ 62,500 ነጥቦች አሉት። እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር ሲጣመር 3.9 ቢሊዮን ስሌት ይሆናል፤ ይህም ለአንድ ዙር ብቻ ነው። በ1980ዎቹ ኮምፒውተሮች ይህ የማይታሰብ ነበር።

መፍትሔው የመጣው በእስራኤል የዋይዝማን ተቋም የሒሳብ ሊቅ አሂ ብራንት ካስፋፋው የብዙ ደረጃ መረብ ዘዴ ነው። በጥቅጥቅ መረብ ላይ የሚደረግ ድግግሞሽ አጫጭር ሞገድ ያላቸውን ስህተቶች ቶሎ ያስተካክላል፤ ሰፋፊና ለስላሳ ስህተቶችን ግን ለማጥፋት እጅግ ይዘገያል። እነዚያው ሰፋፊ ስህተቶች በሳሳ መረብ ላይ ሲታዩ አጫጭር ይሆናሉ፤ በርካሽም ይስተካከላሉ። ስለዚህ ስሌቱ ከጥቅጥቁ ወደ ሳሳው፣ ከሳሳው ወደ ጥቅጥቁ እየተመላለሰ እያንዳንዱን ስህተት በሚቀልበት ቦታ ያጠፋዋል።

ሉብሬክት በ1987፣ ኬስ ቬነር ደግሞ በ1991 በትዌንቴ ባቀረቧቸው የዶክትሬት ጽሑፎች ዘዴውን ለዘይት ሽፋን አዋሉት። ብራንትና ሉብሬክት በ1990 መሰርጎዱንም በተመሳሳይ መንገድ የሚያፋጥን ዘዴ አሳተሙ፤ ከሩቅ ያለ ነጥብ ተጽዕኖው ለስላሳ ስለሆነ በሳሳ መረብ ላይ ማስላት ይበቃል። ሥራው ከነጥቦቹ ብዛት ካሬ ጋር ማደጉ ቀርቶ ከብዛቱ ጋር በተቀራራቢ ፍጥነት የሚያድግ ሆነ። ቀድሞ ትልቅ ኮምፒውተር ይጠይቅ የነበረው ስሌት በተራ የግል ኮምፒውተር ላይ ሊሠራ ቻለ።

ሌላ መንገድ የከፈተው ዋሲም ሃብቺ በ2008 በሊዮን ያቀረበው የዶክትሬት ሥራ ነው። እሱ እኩልዮሾቹን በየተራ ከመፍታት ይልቅ የብረቱንም የዘይቱንም እኩልዮሽ በአንድ ትልቅ ሥርዓት አስገብቶ በፋይናይት ኤለመንት ዘዴ በአንድ ጊዜ ይፈታል። ጥቅሙ ለሌሎች የምሕንድስና ሥራዎች በተዘጋጀ ሶፍትዌር ላይ መሠራት መቻሉ ነው፤ አዲስ ተማሪ ሁሉንም ነገር ከባዶ መጻፍ አይጠበቅበትም።

ስሌቱ በምን ይፈተናል

የስሌቱ ትልቁ ምስክር በ1963 ከለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ መጣ። ጎሃርና ካሜሩን የብረት ኳስን ብርሃን በሚያሳልፍ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ እያሽከረከሩ በብርሃን ሞገዶች መደራረብ የሽፋኑን ውፍረት ለኩ። በውሃ ላይ የፈሰሰ ቤንዚን ቀለማት እንደሚያሳይ ሁሉ፣ የሽፋኑም ውፍረት በቀለማት ይነበባል። መካከሉ ጠፍጣፋ፣ በጎኖቹና በመውጫው በኩል የፈረስ ጫማ በሚመስል ጠባብ ቅርጽ የተከበበ ነበር። የኋላ ስሌቶች ይህንኑ ቅርጽ አወጡ። በ1991 ደግሞ በዚያው ኮሌጅ በገጹ ላይ ተጨማሪ ብርሃን አሳላፊ ንጣፍ በመቀባት እስከ ጥቂት ናኖሜትር የሚደርስ ሽፋን መለካት ተቻለ።

ለዶክትሬት ተማሪ የተለመደው ሥርዓት በዚህ ላይ ይመሠረታል። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ያለ ዘይት የኸርትዝን መልስ መስጠት አለበት። ቀጥሎ ከሃምሮክና ዳውሰን ቀመር፣ ከዚያም ከታተሙ ትክክለኛ ስሌቶች ጋር ይመሳከራል። በመጨረሻ የመረቡ ነጥቦች እጥፍ እየተደረጉ መልሱ መለወጡን እስኪያቆም ድረስ ይደገማል። ከዚህ በኋላ ነው አዲሱ ነገር፣ ለምሳሌ ሙቀት፣ የጊዜ ለውጥ ወይም የገጽ ሸካራነት፣ የሚጨመረው።

የመጨረሻው ደረጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ መዘለሉም ዋጋ ያስከፍላል። ቬነር በ2005 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ፍጥነቱ በጣም ዝቅ ሲል በሳሳ መረብ የሚደረግ ስሌት የሽፋኑን ውፍረት በሐሰት ሊያሳሳው እንደሚችል አሳየ። ውፍረቱ ዜሮ ደረሰ፣ ብረት ብረትን ነካ የሚል መደምደሚያ ከመረቡ ጉድለት የመጣ ሊሆን ይችላል። በኮምፒውተር የወጣ ያማረ ባለቀለም ሥዕል ይህንን ጉድለት አይናገርም። ጉዳዩ በተለይ ጭነቱን ከፊል ዘይቱ ከፊል የገጹ ጉብታዎች የሚሸከሙበትን «ድብልቅ ቅባት» ለሚያጠኑ ተመራማሪዎች ከባድ ነበር፤ የእነሱ ዋና ጥያቄ የት ቦታ ብረት ብረትን ነካ የሚለው ስለሆነ።

ሰበቃ ለምን ያከራክራል

ውፍረቱ የሚወሰነው ግፊቱ ዝቅተኛ በሆነበት መግቢያ ላይ መሆኑ ከላይ ተነግሯል። በዚያ ግፊት የዘይት ጠባይ በላቦራቶሪ በደንብ ይታወቃል፤ ስለዚህ ስሌቱ ልክ ይመጣል። ሰበቃ ግን የሚፈጠረው በመካከል፣ ግፊቱ ከሁሉም በበረታበት ቦታ ነው። በዚያ ያለው ዘይት ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ማወቅ ሌላ ጉዳይ ነው።

የባሩስ ቀመር ለከፍተኛ ግፊት እንደማይሆን ቀድሞ ታውቋል። ሩላንድስ በ1966 በደልፍት ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ የተሻለ ቀመር አመጣ። ለምሳሌያችን ዘይት በ1 ጊጋፓስካል ላይ ባሩስ 480 ሚሊዮን እጥፍ ሲል፣ የሩላንድስ ቀመር 400,000 እጥፍ ገደማ ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ1,000 እጥፍ በላይ ነው። የሚገርመው በውፍረቱ ስሌት ላይ ይህ ልዩነት ብዙም አለመታየቱ ነው፤ መግቢያው ላይ ሁለቱ ቀመሮች ይቀራረባሉና።

ሰበቃውን እንሞክር። ሁለቱ ገጾች በሴኮንድ 0.1 ሜትር የፍጥነት ልዩነት ቢንሸራተቱ፣ ሽፋኑም 0.25 ማይክሮሜትር ቢሆን፣ በሩላንድስ ዝልግልግነት የሚሰላው የመጎተት ጫና 6.5 ጊጋፓስካል ይሆናል። የሰበቃ ኮፊሸንቱ ከ6 በላይ ነው ማለት ነው። በተግባር የሚለካው ግን ብዙውን ጊዜ ከ0.1 አይበልጥም። በባሩስ ቢሰላማ ጫናው ከብረት ጥንካሬ ሁሉ አልፎ ትርጉም ያጣል። ስለዚህ ዘይቱ በዚህ ፍጥነትና ግፊት እንደ ተራ ፈሳሽ እንደማይሆን ግልጽ ነው። በኃይል ሲጎተት ይቀጥናል፣ ይሞቃል፣ ከተወሰነ ጫና በላይም አልሸከምም ይላል። ከእነዚህ የትኛው ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ነው ክርክሩ።

ጆንሰንና ቴቫርወርክ በ1977 የኤይሪንግን የሞለኪውሎች እንቅስቃሴ ሐሳብ በመጠቀም የተለካውን ሰበቃ የሚገልጽ ሞዴል አቀረቡ። በአሜሪካ የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪው ስኮት ቤር ደግሞ የዘይትን ጠባይ ከማሽኑ ውጭ፣ በከፍተኛ ግፊት መለኪያ ራሱን ችሎ መለካት አለበት ይላል፤ የእሱ ልኬቶች ከኤይሪንግ ይልቅ ካሮ ከተባለው ቀመር ጋር ይስማማሉ ብሎ ይሟገታል። በኢምፔሪያል ኮሌጅ ያሉት ስፓይክስና ባልደረቦቹ የኤይሪንግን ወገን ይዘው በ2014 ሰፊ ጽሑፍ አሳትመዋል። ክርክሩ አንዳንዴ የጦፈ ነው። ከቤር ወገን የሚነሳው ተቃውሞ ግን ለማንኛውም ሞዴል ሠሪ ይጠቅማል፦ የዘይቱን ቁጥሮች ከሰበቃው ልኬት አውጥቶ፣ በእነዚያው ቁጥሮች ያንኑ ሰበቃ አስልቶ ተስማማ ማለት፣ ትንበያ ሳይሆን መልሶ መቁጠር ነው። ትንበያ የሚሆነው የዘይቱ ጠባይ ከሌላ ቦታ ተለክቶ ሲመጣ ነው።

የሚያስከትለው ልዩነት

የዚህ ዘርፍ አጠቃላይ ስም የሆነው ትራይቦሎጂ ከግሪክ «መፋተግ» ከሚል ቃል የመጣ ሲሆን፣ የታወቀው በ1966 ለብሪታንያ መንግሥት በቀረበው የጆስት ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ የቅባትን እውቀት በተሻለ መንገድ መጠቀም አገሪቱን በዓመት 515 ሚሊዮን ፓውንድ ሊያድን እንደሚችል ገምቶ ነበር። በ2017 ሆልምበርግና ኤርደሚር በሠሩት ግምት ደግሞ ከዓለም የኃይል ፍጆታ ወደ 20 በመቶ የሚሆነው ሰበቃን ለማሸነፍ ይውላል።

ይህንን ለመቀነስ መኪና አምራቾች ቀጫጭን ዘይቶችን መምረጥ ጀምረዋል፤ ቀጭን ዘይት ለማንቀሳቀስ የሚጠይቀው ኃይል ያንሳልና። በሃምሮክና ዳውሰን ቀመር መሠረት ግን ዝልግልግነቱ በግማሽ ሲቀንስ ሽፋኑ በ38 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ንድፍ አውጪው የሚያየው የሽፋኑን ውፍረት ለገጾቹ ሸካራነት አካፍሎ ነው፤ ይህ ድርሻ ከ3 በላይ ከሆነ ገጾቹ እንደተለያዩ ይቆጠራል፤ ከ1 በታች ሲወርድ ጉብታዎቹ መነካካት ያበዛሉ። ፓቲርና ቼንግ በ1978 ሸካራነት የዘይቱን ፍሰት እንዴት እንደሚለውጥ በአማካይ የሚያሰላ ዘዴ አቅርበዋል። ዛሬ ደግሞ እያንዳንዱን ጉብታ በመረቡ ላይ አስቀምጦ ማስላት ይቻላል፤ ያኔ እያንዳንዱ ጉብታ ራሱ በሚያልፍበት ቅጽበት ሲሰረጎድና ሲመለስ ይታያል፣ በሥራ ላይ ያለው ሸካራነትም ማሽኑ ቆሞ ከተለካው ሸካራነት ያነሰ ሆኖ ይገኛል።